ይባስ ብሎ ባሱን ሰጠ

እኔ የምለው... ሰው የታወቀበትን ነገር ሲተው አይፈራም? ስቲንግ «ፖሊስ» ከተባለው ባንዱ ጋር የፖፕ ኮከብ ከሆነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 «ዘ ድሪም ኦፍ ዘ ብሉ ተርትልስ» ለተባለው አልበሙ የጠራው የጃዝ ልጆችን ነው፦ ሳክስፎን ብራንፎርድ ማርሳሊስ፣ ኪቦርድ ኬኒ ኪርክላንድ፣ ድራም ኦማር ሃኪም። ይባስ ብሎ የታወቀበትን ባስ በአብዛኛው ከማይልስ ዴቪስ ጋር ይጫወት ለነበረው ለዳሪል ጆንስ ሰጥቶ፣ ራሱ ጊታር አነሳ።

እኔ ጋዜጠኝነት ተምሬ ስወጣ የያዝኩት የመዝናኛ አምድ ነው። ሌላ ልጻፍ ስል «በምትታወቂበት ቆዪ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ እንጀራዬ እሱ ነው። ግን ከሚበልጡኝ መሀል ገብቼ ካልተንተባተብኩ መቼ ልማር? የስቲንግ አልበም ተሸጠለት። የእኔ ጽሑፍ ላይነበብ ይችላል። ቢሆንም እሞክራለሁ።