ጥፋቱ የጣቱ አልነበረም

ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ስደታችን ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጊታር ነው፤ ታገሱኝ።

እዚህ ካኩማ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ወደ ሦስተኛ አገር የሄደ አንድ ወንድማችን አካሉ የተሰነጠቀ ኤሌክትሪክ ጊታር ትቶልን ነበር። አንገቱን፣ ብሪጁንና ፒክአፑን ፈትቼ፣ ከአሮጌ ጠረጴዛ በጠረብኩት እንጨት ላይ ገጣጠምኩት። ድምፅ ሲያወጣ ጎረቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አናጢ የሆንኩ መሰለኝ።

የሰጠሁት ለአንድ የ16 ዓመት ተማሪዬ ነው። ከአክስቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ ክፍል ውስጥ ድምፁ አይሰማም። ሦስት ሳምንት ታገለ፤ ጣቶቹ ቆሰሉ። «እስኪደነድን ነው፤ ሁሉም እንዲህ ነው የጀመረው» እያልኩ ሸኘሁት። አንድ ቀን አክስቱ ጊታሩን ይዛ መጣች። «እጄ ለዚህ አልተፈጠረም ይላል» አለችኝ።

ያን ማታ ራሴ ሞከርኩት። አሥር ደቂቃ አልቆየሁም። 12ኛው ፍሬት ላይ ስለካው ወፍራሙ ክር 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። መሆን የነበረበት ወደ 2 ነው፤ ቀጭኑ ደግሞ ወደ 1.5። ማስመሪያ ለእንዲህ ያለው ልክ አይመችም። የሒሳብ መምህር አይደለሁ? አንድ ተራ ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ 20 ወረቀት 2 ሚሊ ነው። ያለፈውን ተርም የፈተና ወረቀት ቆራርጬ መለኪያ አደረግሁት።

በማግስቱ ልጁን ጠራሁት፤ ሥራው የሁለት ሰው እጅ ይፈልጋል። ወፍራሙን ክር እሱ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ እኔ የመጨረሻው ላይ ተጫንን። መሀሉ ላይ ሁለት ሦስት ወረቀት ብቻ ማስገባት የነበረበት ክፍተት ስምንት ዋጠ። አንገቱ ጎብጧል። ክሮቹን አላልተን፣ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ሩብ ዙር ብቻ አጠበቅን፤ እንደገና ቃኝተን ለካን፤ ደግሞ ሩብ ዙር። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ ዘንጉ ከተበጠሰ አንገቱ አለቀ።

ከዚያ የብሪጁን ብሎኖች ዝቅ አደረግን። እስከ መጨረሻው ወርደውም 25 ወረቀት ቀረ። ይሄ የኔ ሥራ ነው፤ አንገቱ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ አጥልቄ ጠርቤዋለሁ። ሲም ካርድ ከሚነቀልበት ፕላስቲክ ቆርጠን ከአንገቱ ሥር፣ በብሪጁ በኩል ባለው ጫፍ አስገባን። አንገቱ ትንሽ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ ክሩም ወረደ። እንዲያውም በዛና ፍሬቱን እየነካ «ዝዝዝ» ይል ጀመር። ብሎኖቹን መልሰን ከፍ አድርገን 20 ላይ ቆምን።

ልጁ ወረቀቱን ቆጥሮ ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ 40 ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ክፍል ውስጥ «አልገባንም» ሲሉኝ «ደግማችሁ ሥሩት» ብዬ የመለስኳቸው ልጆች ፊት መጣብኝ።

አሁን በየማታው በትዝታ ቅኝት ይለማመዳል፤ አክስቱ ቡናዋን አጠገቡ ታፈላለች። ቀጭኑ ክር ግን ትናንት ተበጠሰ። ከናይሮቢ የሚመጣ ሰው ካለ ከ0.009 የሚጀምረውን ስስ ክር ይያዝልን፤ ዋጋውን እከፍላለሁ። ክሩ ሲሳሳ አንገቱን የሚጎትተው ኃይልም ስለሚቀንስ እንደገና እንለካለን። ወረቀቶቹ ልጁ ጋ ናቸው።