ለንደን ለሁለት ቀን

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ጉና ሥር የገብሱ አጨዳ ተጋምሷል፤ የኅዳሩን ብርድ መቼም ታውቂዋለሽ። ሥልጠናው ሲያልቅ ቅዳሜና እሑድን ለንደን እንደምትውዪ በስልክ ስትነግሪን፣ እናትሽ ስለ ካፖርት ማሰብ ጀመረች። እኔ ደግሞ ይችን ልጻፍልሽ ብዬ ተነሣሁ።

ሰላም በነበረ ጊዜ ከጎንደር ወደ ላሊበላ የሚያልፉ ፈረንጆች እዚህ ምሳ በልተው ሲሄዱ አይተሽ አድገሻል። ከመኪና ይወርዳሉ፣ ማኪያቶ ይጠጣሉ፣ አንድ ፎቶ ያነሳሉ፤ የዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበት ጋፋት አፍንጫቸው ሥር መሆኑን እንኳ ሳይሰሙ ይሄዳሉ። አገራቸው ገብተው ግን ደብረ ታቦርን አየናት ይላሉ። አንቺም ለንደንን እንደዚያ አይተሻት እንዳትመለሺ ነው የምሰጋው። በሁለት ቀን ሃያ ቦታ ላሳይሽ ከሚል ሰው ጋር አትውጪ። ሦስት ቦታ ይበቃሻል፤ በተረፈው ጊዜ አንድ ጥግ ይዘሽ ሰው ስታዪ ዋዪ።

ቅዳሜ ጧት አውቶቡስ ያዢ። ባለ ሁለት ፎቁ ላይ ውጪና ከፊተኛው ወንበር ከተቀመጥሽ፣ አስጎብኚ መቅጠር ሳያስፈልግሽ ከተማው በፊትሽ ያልፋል። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ የሚከፈለው በካርድ ነው። መንገድ ስትሻገሪ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቺ፤ እዚያ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። ምድር ውስጥ ባቡር ስትወርጂ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ በቀኝ በኩል ቁሚ፤ ግራው ለቸኮለ ሰው የተተወ ነው። በሌላው ሁሉ ይቅርታ ሲሉ የሚውሉት እንግሊዞች በዚህ ግን ፊታቸው ይጠቁራል አሉ።

ታወር ኦፍ ለንደን የሚሉት ጥንታዊ ምሽግ ውስጥ ቁራዎች አሉ። ቁጥራቸው ከስድስት ካነሰ መንግሥቱ ይፈርሳል የሚል አፈ ታሪክ ስላላቸው፣ ጠባቂ ተመድቦላቸው ሥጋ እየተቆረጠላቸው ይኖራሉ። መግቢያው ውድ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር የትም የማይገኘው የእኛው ማጅራተ ነጭ ቁራ የእናትሽን ቋንጣ ከገመድ ላይ ሲመነትፍ በነጻ አይተሻል። ግን ከፈለግሽ ግቢ፤ መዝናናት የወጣትነት መብት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብሪቲሽ ሙዚየም በነጻ ነው የሚገባው። የእንግሊዝ ጦር ከዓፄ ቴዎድሮስ አምባ ከመቅደላ የወሰዳቸው 11 ታቦታት እዚያ አሉ፤ ለእይታ ግን አይቀርቡም፤ ከካህናት በቀር ማንም እንዳያያቸው ተደርገው ነው የተቀመጡት። ስለዚህ የት ናቸው ብለሽ አትድከሚ፤ በልብሽ ተሳልመሽ እለፊ። የወርቁ ዘውድና ጽዋ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው፤ ወደ 350 የሚሆነው ብራና ደግሞ ብሪቲሽ ላይብረሪ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የተዘረፈውን ንብረት ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጓል ይባላል። የንጉሡ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል።

አንቺ የጋፋት ልጅ ነሽ፤ ታሪኩ በመቅደላ እንዳልጀመረ ታውቂያለሽ። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በወዳጅነት የጻፉት ደብዳቤ ለዓመታት መልስ አጣ፤ ጠቡም ከዚያ ተነሣ። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ፈረንጆች እዚህ መድፍ እንዲሠሩ ተደረጉ፤ በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል የሚገመተው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ያንን መድፍ በጋይንት በኩል መንገድ እየጠረጉ መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። ለደብዳቤ መልስ መስጠት ምንኛ ርካሽ ነበር! ቢሆንም በዚህ ነገር ቀንሽን ሙሉ አትዘኚ። አንድ ሰዓት ስጪው፤ ከዚያ ወጥተሽ ቴምዝ ወንዝ ዳር አይስክሬምሽን ብዪ። የሚያበሳጭ ነገር እየፈለገ ከተማ የሚዞር ሰው እዚያም ሞልቷል፣ እዚህም አለ።

እሑድ ዊንዘር ሂጂልኝ። ከዋተርሉ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው እዚያ ባለው ቤተ መንግሥት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ ነው። በሰባት ዓመቱ እንግሊዞች ወሰዱት፤ እናቱ በመንገድ ሞተችበት፤ እሱም በ18 ዓመቱ በዚሁ በኅዳር ወር፣ በ1872 ዓ.ም. አረፈ። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በ2015 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የተሰጠው መልስ አይሆንም ነበር። ቤተ ጸሎቱ እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ለጸሎት የመጣን ግን በነጻ ያስገባሉ። እሑድ ሂጂ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ቲኬት ቆርጦ እንደሚገባ አገር ጎብኚ ሳይሆን እንደ ዘመድ ገብተሽ፣ ለስሙ የቆመውን የነሐስ ሰሌዳ ተሳለሚልን። ነጠላሽን ከሻንጣሽ ማውጣት አትርሺ።

ሻንጣው ካልኩ አይቀር፣ እናትሽ ቆሎና በሶ ልካለች። ቆሎውን አውቶቡስ ላይ ለብቻሽ አትቆርጥሚ፤ አጠገብሽ ለተቀመጠው ዘርጊለት፤ ቢደነግጥም ደንግጦ ይቀምሳል። ለእኛ ሻይ ቅጠል ብለሽ ገንዘብ አታባክኚ። ስልክሽን መንገድ ላይ በእጅሽ አንጠልጥለሽ አትሂጂ፤ ሌቦቹ በሞተር እያለፉ እንደሚመነትፉ ሰምቻለሁ። ፎቶውን ማታ ሆቴልሽ ስትገቢ ላኪልን። በእነሱ ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ሲሆን እዚህ እኩለ ሌሊት ነው፤ እናትሽ ግን ካልደረሳት አትተኛም፣ እኔንም አታስተኛኝም።

እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም።

አባትሽ፤ ከደብረ ታቦር