ለመቶ አለቃውስ ምን ይባላል?

ስለ ፖሊስና ስለ ዱላ በዚህ መጽሔት ላይ መጻፌ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። «ይህ የፖለቲካ ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚልም አይጠፋም። እኔና ባለቤቴ ግን የምንኖረው ውቤ በረሃ ነው። ሰፈሩን በድሮ ጭፈራ ቤቶቹ ብቻ የምታውቁት ሳቁብን ግድ የለም፤ እኛ ልጆች ያሳደግንበት ነው። በዚያን ጊዜ ፒያሳ አካባቢ ልጅ ያሳደገ ሰው ደግሞ የ1998 ዓ.ም. ጥቅምትን አይረሳም።

ከምርጫ 97 በኋላ በተነሣው ተቃውሞ መጀመሪያ ሰኔ 1 ቀን 1997፣ ቀጥሎም ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ጀምሮ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታፈሱ፤ ብዙ ወጣቶችም እስከ ደዴሳ ተወሰዱ። ስንቅ ቋጥራ ወዴት እንደምታደርስ የማታውቅ እናት በየመንደሩ ነበረች። ሱቅ ላከችው፣ በዚያው ቀረ።

ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን ስለ ተኳሹ አይደለም። ከተኳሹ በላይ ስላለው ሰው ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነገሩን የሚመረምር አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ከተሰጡት ጥያቄዎች አንዱ አጭር ነው፦ የፀጥታ ኃይሎች የተጠቀሙት ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ወይስ አልነበረም? ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ነበሩ። ኮሚሽኑ ማስረጃ ሰብስቦ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች እንደ ሞቱ፣ 763 ሰዎች እንደ ቆሰሉ መዘገበ። ቀድሞ ከተነገረው ቁጥር እጅግ የሚበልጥ ነበር። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ስምንት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነው ተባለ።

ዳኞቹ በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ይህን ውሳኔ እንዲለውጡ ጫና ደረሰባቸው። ሰብሳቢውና ምክትላቸው አልለወጡም፤ አገር ጥለው ወጡ። በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርትስ ምን አለ? 193 ሲቪሎች፣ 6 ፖሊሶች። ቁጥሩ ያው ነው! የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ አይደለም ተባለ።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይገርመኛል። ሬሳውን የደበቀ የለም፤ ተቆጥሯል፤ በምክር ቤት ተነብቧል። ታዲያ ስለ አንድ ቃል ይህ ሁሉ ለምን? ቃሉ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ከላይ «ተመጣጣኝ ነበር» ከተባለ ማን እንዳዘዘ የሚጠይቅ የለም፣ ከወንበሩ የሚነሣ አዛዥ የለም፤ ገና ዩኒፎርም የለበሰው ልጅም በሚቀጥለው ጊዜ ምን ያህል ቢያደርግ ዝም እንደሚባል ከዚያ ይማራል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ማንኛውም ባለሥልጣን ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት መርሕም፣ የበታቾቹ ሕገ ወጥ ኃይል እንደሚጠቀሙ እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ የሚችለውን ሁሉ ያላደረገ አለቃ ተጠያቂ ነው ይላል። ወረቀቱ አልጎደለንም። የሚጎድለው ቃሉን በቦታው የሚያስቀምጥ አለቃ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22 ሻለቃው ጳውሎስ እየተገረፈ እንዲመረመር ያዝዛል። የሚያስቆመው የገዛ መቶ አለቃው ነው፤ ሄዶ፣ ይህ ሰው እኮ ሮማዊ ነው፣ ምን ልታደርግ ነው? ይለዋል። ሻለቃው ቀላውዴዎስ ሉስዮስን ጻድቅ ማድረጌ አይደለም። ያስፈራው የጳውሎስ ዜግነት ነው እንጂ ጀርባው አላሳዘነውም። የሮም ዜግነት ለሌለው ሊስትሮ ማን ይፈራለት ይሆን? በምዕራፍ 16 ደግሞ የፊልጵስዩስ ገዢዎች ያለ ፍርድ ያስገረፏቸውን ሰዎች በመልእክተኛ በስውር ሊለቅቁ ፈለጉ። ጳውሎስ እንቢ አለ፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። መጡም፤ ለመኗቸው። በአደባባይ ያስገረፈ ባለሥልጣን በእግሩ ሄዶ የተገረፈውን ሰው ፊት ማየት አለበት።

በእኛም ዘመን ቃሉን የጻፈ አልጠፋም። በ1998 ዓ.ም. ከታሰሩት መካከል ዳንኤል በቀለ የሚባሉ የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ የተፈቱት በ2000 ዓ.ም. ነው። እኚህ ሰው በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆኑ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት 123 ሰዎች መሞታቸውን ኮሚሽኑ በ2013 ዓ.ም. ሲዘግብ፣ በሲቪሎች ላይ የተፈጸመውን ዘግናኝ ጥቃት ከነዝርዝሩ አስፍሮ፣ የፀጥታ ኃይሎች በአንዳንድ ቦታ የተጠቀሙት ኃይልም ያልተመጣጠነ እንደ ነበር ጻፈ። ሁለቱንም በአንድ ሪፖርት። ወንጀለኛ ነበረ ብሎ የፖሊስን ጥፋት አልሸፈነም፤ ፖሊስ አጠፋ ብሎም ወንጀለኛውን አላለፈም።

በቤታችን ረቡዕ ማታ በሚደረገው ኅብረት አንድ ፖሊስ ወንድም አለን። ኢንስፔክተር ነው፤ በሥሩ የሚታዘዙ ልጆች አሉት። በቅርቡ ሉቃስ 3ን ስናጠና፣ ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ያሉበት ላይ ደረስን። ሰው አትበድሉ፣ በደመወዛችሁ ርኩ የሚለውን መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንድማችን አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ «ይሄ ለጭፍራው ነው፤ ለመቶ አለቃው ቢሆንስ ምን ይለው ነበር?» አለ። «እኔ ልጆቹን አትማቱ ማለት እችላለሁ። ከላይ ሲመጣብኝስ? የተማታውን ልጅ ስም ጽፌ ባቀርብስ?»

አንዱ ወንድም ጌታ ያውቃል፣ እንጸልይ አለ። የኢንስፔክተሩ ባለቤት ግን ዓይኗን ሳትከድን፣ «ጸሎቱ ይሁን። ስም ጽፎ ቢያቀርብና ቢያባርሩት የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ንገሩኝ እስቲ፤ ሁለት ልጅ ነው ያለኝ» አለች።

ዝም አልን። ይህን ጥያቄ የዳኞቹም ሚስቶች ሳይጠይቁት አይቀሩም።

ባለቤቴ ከመሳቢያው የኅብረቱን መዋጮ ደብተር አወጣች። አዲስ ገጽ ገለጠችና፣ «የስንት ወር ኪራይ እንያዝ?» ብላ ጠየቀቻት። ሦስት ወር ተባለ፤ ከዚያ ስድስት። የመጀመሪያውን መቶ ብር የሰጡት ከፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ቤታቸው ፈርሶ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡት እማማ ናቸው። ኢንስፔክተሩ፣ «ኧረ ገና ምንም አልጻፍሁም!» ቢልም የሰማው የለም።