መኪናችን የሚጠጣው ናፍጣ

ሙስሊም ቤተሰብ ለሩቅ መንገድ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጨነቀው ስለ ምግቡ ነው። የት እንበላለን? ሥጋው እንዴት ታርዷል? ለልጆቹስ ምን እንያዝ? እኛም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ እረፍት ላይ ሳሉ፣ ከምንኖርባት ሳንዲያጎ ከተማ ወደ ሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ለመውረድ ስንሰናዳ፣ ባለቤቴ ሩዙንና ምስሩን ስታሰናዳ፣ በርበሬውን በትንንሽ ዕቃ ስትከፋፍል ሰነበተች። እኔ ደግሞ የሚያሳስበኝ ሌላ ነበር፤ መኪናው ምን ይጠጣል?

መኪናችን የ2015 ሞዴል የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ከኋላው ሁለት አልጋና አንዲት ምድጃ ያላት ተሳቢ ቤት ይጎትታል። የጉዞው ምክንያት ታላቋ ልጄ ናት። ጌሬሮ ኔግሮ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባለው የባሕር ወሽመጥ ዓሣ ነባሪዎች ሊወልዱ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ እንደሚመጡ በትምህርት ቤት ሰምታ፣ «አባዬ፣ በመኪና ይደረሳል እኮ!» ብላ ካርታ ይዛ መጣች። ይደረሳል፤ ነገር ግን 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ነገሩ ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ድፍድፍ ነዳጅ በተፈጥሮው ድኝ አለው፤ ማጣሪያው በደንብ ካላወጣው በናፍጣው ውስጥ ይቀራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ለመንገድ መኪናዎች የሚሸጥ ናፍጣ ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ ከሚሊዮን 500 እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ግን ወደ 15 እጅ ወረደ። የወረደውም በከንቱ አልነበረም። ከ2007 ሞዴል ጀምሮ የሚሠሩ የናፍጣ ሞተሮች ጥቀርሻቸውን የሚይዝ ማጣሪያ በጭስ ማውጫቸው ላይ ስለሚገጠምላቸው ነው። ማጣሪያው እንደ ማር ሰፈፍ የተፈለፈለ ሸክላ መሰል ነገር ሲሆን፣ ጥቀርሻው ሲሞላበት ሞተሩ ራሱ ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ገደማ ከፍ አድርጎ ያቃጥለዋል። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ሲገባ ግን ይህ ሥርዓት ይታወካል፤ ድኙ ጭሱን የሚያጸዱትን የከበሩ ማዕድናት ይሸፍናቸዋል፣ ማጣሪያውንም ቶሎ ይሞላዋል። አንድና ሁለት ታንክ ሞተሩን ባይገድልም ጉዳቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው ደንብ ለሰሜኑ የድንበር ዞንና ለሦስት ታላላቅ ከተሞች፣ ማለትም ለሜክሲኮ ሲቲ፣ ለጓዳላሃራና ለሞንቴሬይ አካባቢ፣ 15 እጁን ሲያዝ፣ ለቀረው አገር እስከ 500 እንዲሸጥ ፈቅዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ንጹሑ ናፍጣ እየተስፋፋ መጥቷል። ሆኖም ድኝ በዓይን አይታይም። ሁለቱን በጠርሙስ ቀድታችሁ ብታስተያዩ የሚለያችሁ ነገር የለም።

የባለቤቴ ወንድም ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ያንን ማጣሪያ ቆርጠህ ጣለውና ተገላገል! ኮምፒውተሩን የሚያታልል ልጅ አውቃለሁ፤ በአንድ ቀን ይጨርስልሃል። ከዚያ በኋላ የወደድከውን ቅዳ» አለኝ። ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ይከለክላል፤ ካሊፎርኒያም የናፍጣ ፒክአፖችን በየሁለት ዓመቱ ትመረምራለች። ይሁንና እኔን ያስቆመኝ ሕጉ ብቻ አልነበረም። ልጄ አስም አለባት። ማታ ማታ ተሳቢዋን አቁመን ልጆቹ ከመኪናው ጀርባ ነው የሚጫወቱት። ያ ማጣሪያ ለመኪናው ምንም አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ከኋላ ለሚተነፍሰው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ በማያሻማ ቃል የገለጸው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቆርጬ ብጥለው መኪናዬን ከሰው አገር ናፍጣ አድኜ፣ ጭሱን ለሰው አገር ልጆች ትቼ መመለሴ ነው።

ኮምቦልቻ ላለው አባቴ ስደውል ጉዳዩን አነሳሁበት። አባቴ በወጣትነቱ በፊያት ኤንትሬ ከአዲስ አበባ አሰብ ሲመላለስ የኖረ ሾፌር ነው። «በእኛ ጊዜ ናፍጣ ተብሎ የመጣ ሁሉ ናፍጣ ነበር» አለኝ። አሰብ ላይ የነበረው ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 እስከተዘጋ ድረስ ከዚያው ይቀዱ ነበር፤ መንገድ ላይ ከበርሜል ሲገዙ ደግሞ ረዳቱ በጨርቅ እያጠለለ ይቀዳል። ኤንትሬው ሁሉንም ይጠጣል፣ ዳገት ላይ ጥቁሩን ጭስ ይተፋል፣ ይሄዳል። አባቴ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ያስለዋል። እንደ ቀልድ አድርጎ፣ «መኪናው ያልዋጠውን እኛ ዋጥነው፣ ልጄ» አለና ወደ ሌላ ወሬ አለፈ።

እናም ማጣሪያው እንዳለ ሆኖ መንገዱን በሒሳብ ለመጨረስ ወሰንኩ። የመኪናው ታንክ 136 ሊትር ይይዛል። ተሳቢ ሲጎትት በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ሳንዲያጎ ላይ ጢም አድርጌ ብሞላ 680 ኪሎ ሜትር ያስኬደኛል ማለት ነው። ጌሬሮ ኔግሮ ለመድረስ ጥቂት ይጎድላል። የሚከፋው ደግሞ ከኤል ሮሳሪዮ እስከ ጌሬሮ ኔግሮ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ የታወቀ ነዳጅ ማደያ የለበትም። መሐል ላይ፣ ካታቪኛ በምትባለው መንደር፣ በመንገድ ዳር ከበርሜል የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ አባቴን አስታወሱኝ፤ ግን ጨርቅ ለዚህ ሞተር አይበቃውም። በዛሬው ሞተር ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው በ2,000 ባር ግፊት ነው። ጠብታ ውሃና ደቃቅ አቧራ ፖምፓውንም አፍንጫዎቹንም ያበላሻል። ስለዚህ ሁለት ትርፍ የነዳጅ ፊልትሮ ያዝኩ፤ ውሃ ከሚለየው ዕቃ ሥር ያለችውን ቡሽ ፈትቼ በየማለዳው ውሃ ማውጣትም ልማዴ ሆነ። ለጭሱ ማጽጃ የሚጨመረውን የዩሪያ ውሃም ከቤት ሁለት ጀሪካን ጫንኩ። እሱ ሲያልቅ እነዚህ መኪናዎች ፍጥነታቸውን እየቀነሱ እንዲቆሙ ተደርገው ነው የተሠሩት፤ በዚያ በረሃ ደግሞ ማን ይሸጥልኛል?

አንድ ነገር ለቤተሰብ ሁሉ አስተምሬ ነበር የወጣሁት። በእኛ ሰፈር ማደያ የናፍጣው መቅጃ እጀታ አረንጓዴ ነው። በሜክሲኮ አረንጓዴው ማግና የሚባለው ተራ ቤንዚን ነው፤ ናፍጣው ጥቁር ነው። በሜክሲኮ የሚቀዳላችሁ ሠራተኛው ነው። ቤንዚን በናፍጣ ሞተር ውስጥ ከገባ ደግሞ ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ፣ ሞተሩን አስነስቶ መሄድ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ሳያስነሱ ታንኩን ማራገፍ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ታናሹ ልጄ፣ የሰባት ዓመቱ፣ የመቅጃው ጠባቂ ተብሎ ተሾመ። በየማደያው መስኮቱን አውርዶ በስፓኒሽ «ኔግሮ! ኔግሮ!» እያለ ሲጮህ ቀጂዎቹ እየሳቁ ጥቁሩን አንስተው ያሳዩት ነበር። እናቱ ደግሞ ቆጣሪው ከዜሮ መጀመሩን ታያለች። እኔ ማሽኑ ላይ «ኡልትራ ባኾ አሱፍሬ» የሚል ጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ ድኙ እጅግ ያነሰ ማለት ነው።

ኤል ሮሳሪዮ ላይ ጽሑፉን አላገኘሁም። 60 ሊትር ብቻ ቀዳሁ፤ ከሳንዲያጎው ንጹሕ ናፍጣ ጋር ስለሚቀላቀል የድኙ መጠን ይቀንሳል ብዬ ነው። ከጎናችን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። ጭሱ በቀጥታ የሚሄደው ምግብ ወደምትሸጥ ሴት ነው፤ ከጠረጴዛዋ ሥር በካርቶን ላይ ሕፃን ተኝቷል። ልጄ በሻርፕዋ አፏን ሸፍና መተንፈሻዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ወደ መኪናችን ገብታ መስኮቱን ከዘጋች በኋላ፣ «እሱስ የት ይገባል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ወርዳ ከሴትዮዋ ለስላሳና ብርቱካን ገዛች፣ ለሕፃኑም ከያዝነው ብስኩት ሰጠችለት፤ ከዚያ ሄድን።

ካታቪኛን አልፈን ግዙፍ ድንጋዮችና ረጃጅም ቁልቋሎች መሐል ስንነዳ «ማጣሪያው እየጸዳ ነው» የሚል መልእክት ታየ። በዚህ ጊዜ መኪናውን አለማቆም ይመረጣል፤ ሥራው መሐል ላይ ከተቋረጠ ጥቀርሻው ሳይቃጠል ይቀራል። የግድ የሚቆም ከሆነም ደረቅ ሣር ላይ አያቁም፤ ጭስ ማውጫው እሳት ነው። ትንሹ ልጄ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት ሽንት ቤት አለ! ሃያ ደቂቃ ያህል «ያ ረቢ» እያለች እናቱ ስታባብለው፣ መልእክቱ ሲጠፋና እኔ ፍሬን ስይዝ እኩል ሆነ።

ዓሣ ነባሪዎቹን አየን። ጥቂቶች ነበሩ፣ ወቅቱ ገና መግባቱ ስለነበር፤ ልጄ ግን አንዱ ሲተነፍስ ጀልባዋ ላይ በረጨው ውሃ እስክትረጥብ ስቃለች። ከዚያም እስከ ሳን ኢግናሲዮ ወርደን የተምር ዛፎቿን አይተን፣ ተምር ገዝተን ተመለስን። ሳንዲያጎ ስገባ ታንኩን ሞላሁ፣ የሞተር ዘይቱንም ከጊዜው ቀድሜ ለወጥኩ፤ ድኝ የበዛበት ናፍጣ ዘይቱንም ስለሚያበላሸው።

የባለቤቴ ወንድም በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹን ይዞ ወደዚያው ሊወርድ ፒክአፑን ጠየቀኝ። ሳልከፍታት የመለስኳትን ሁለተኛዋን ፊልትሮ፣ የተረፈውን የዩሪያ ጀሪካንና ቁልፉን ሰጠሁት። ስለ ማጣሪያው መቁረጥ አላነሳም፤ የጠየቀው ልጄ መቅጃውን እንዲጠብቅለት አብሮት ይሄድ እንደሆነ ብቻ ነው።