ከሰል የሚዘራበት አገር

እናንተ የከተማ ልጆች! ከሰፈር ከሰል ሻጭ አንድ ፌስታል ገዝታችሁ ጀበና ስትጥዱ ‹‹ይሄ ከሰል ከየት መጣ?›› ብላችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኞቻችን የሚታየን አንድ ጨካኝ ገበሬ ጫካ ገብቶ ጥዱንና ወይራውን ሲጨፈጭፍ ነው። እንዲህ ያለም አለ፣ አልክድም። አገው ምድር ያለው ግን ሌላ ነው። እዚያ ከሰል ይዘራል!

ቦታው ፋግታ ለኮማ ይባላል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጋችሁ እንጅባራ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ ወደ ዳንግላ ትንሽ እንደቀጠላችሁ አዲስ ቅዳም የምትባል ከተማ አለች። እኔ በ2015 ዓ.ም. ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ነበር የሄድኩት። ፈረሱስ ደስ ይላል፤ ቀልቤን የወሰደው ግን የመንገዱ ግራና ቀኝ ነው። አንዱ ማሳ ጉልበት የማይደርስ ችግኝ፣ ቀጥሎ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ጭስ! ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው፤ ሰዉ ‹‹ደከረንስ›› ይለዋል።

እህል ትቶ ዛፍ ለምን? መሬቱ ኮምጥጧላ! በብዙ ዝናብ ታጥቦ አሲድ የበዛበት አፈር ማዳበሪያ ቢያለብሱትም እንደ ልብ አይሰጥም። ኖራ ይበተንበት እንዳይባል ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ነው የሚፈልገው። ማን ገዝቶ ማን ይጭነዋል?

ያደርኩበት ቤት አባወራ ሂሳቡን በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ‹‹ክረምት ላይ ችግኙን ከጤፉ ጋር አንድ ማሳ ላይ እንተክላለን። የመጀመሪያውን ዓመት ጤፉን እንበላለን። በሁለተኛው ዓመት ዛፉ መሐል ሣር ይበቅላል፤ አጭደን ለከብት፣ የተረፈውን ለገበያ። በአራት በአምስት ዓመት ቆርጠን፣ ከምረን፣ ሣርና አፈር አልብሰን እናከስለዋለን። ከዚያ ያው መሬት ታርሶ እንደገና ጤፍ።›› ከዛፉ በኋላ የሚዘራው ጤፍ ከፊተኛው ይሻላል አሉኝ። አላጋነኑም፤ ደከረንስ እንደ ባቄላ ለአፈሩ ናይትሮጂን የሚሰጥ ዘር ነው።

ከሰሉ የሚታጨቀው በምን መሰላችሁ? በማዳበሪያ ጆንያ! ማዳበሪያው መሬቱን ማዳን አቃተው፤ ጆንያው ግን ከሰል ይዞ አዲስ አበባ ይገባል። መሬት ያልደረሳቸው ጎረምሶችም በቆረጣው፣ በማክሰሉና በጭነቱ ያድራሉ። የእናንተ እኩዮች ናቸው፣ ዓይናቸው በጭስ የቀላ።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ ሰርግና ምላሽ እንዳይመስላችሁ። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ዛፉን በሽታ ገብቶበታል። እንደ ስንዴ ዋግ ያለ ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉን ዝገት አስመስሎ ችግኙን ያደርቀዋል። በዚህ ነገር ባልና ሚስት እፊቴ ተያያዙ።

‹‹ዛፍ አይበላም ብያለሁ! ድንቹን እንመልስ›› አሉ እማወራዋ ቡናውን እየቀዱ።

‹‹ጤፉስ መቼ አበላን? ይሄ ቆርቆሮ ከምን መጣ?››

‹‹ከዛፉ። የደረቀው ችግኝስ ምን ያመጣል?››

አባወራው መልስ አላገኙም። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባ ሰዉ ሁሉ በመብራት ነው የሚያበስል የሚባለው እውነት ነው?››

መብራት እንደሚጠፋ፣ ቡና ደግሞ ያለ ከሰል ብዙ ሰው እንደማይጥመው ነገርኳቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። እኔ ግን በልቤ ከሴትዮዋ ጋር ነበርኩ። አንድ ዛፍ ላይ ቤተሰብን ሁሉ መስቀል ያስፈራል። ደግነቱ ሁለቱም ግትር አይደሉም፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ ተስማሙ። ወንዝ ዳር ያለው ማሳ ለድንች፣ ዳገቱ ለደከረንስ። የልጅቷ የትምህርት ቤት ወጪ የሚወጣው ከዳገቱ ነው።

መሄድ ያማራችሁ ካላችሁ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ ውጊያ ከተነሣ ወዲህ መንገዱ በተደጋጋሚ ተዘግቷልና አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሳትጠይቁ አውቶቡስ እንዳትሳፈሩ። ወፍራም ጃኬትም ያዙ፤ የእንጅባራ ሌሊት ቀልድ አያውቅም።