ውሃውም ሰውም የወረደበት አገር

ለእኛ ለመራዊ ሰዎች ጢስ ዓባይ ሩቅ አይደለም። እስከ ባሕር ዳር 35፣ ከዚያ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በነርስ ተማሪነቴ ሳየው፣ ውሃው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ 45 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረወር ጢሱ ከሩቅ ልብስ ያረጥብ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ጥር 2010 የልጅ ልጆቼን ይዤ ብሄድ ግን ጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ጠበቁን። ትንሿ፣ “እማማ፣ ጢሱ የታለ?” አለችኝ።

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን ከራሱ ከሐይቁ ተቀብሎ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ አሳልፎ ወደ በለስ ሸለቆ ያወርደዋል። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ “እንግዲያው የሄደበት እንሂድ” አሉ። ለእኔም ሰበብ ሆነልኝ፤ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ እዚያው ፓዌ ተመድባ በዚያው ቀርታለች።

በዳንግላና በእንጅባራ አድርገን፣ ቻግኒን አልፈን ቆላውን ወረድን። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ 80 ሺህ ያህል ሰው የሰፈረው እዚህ ነው። አብዛኛው ደገኛ ነበርና ወባ እንደ ገለባ አነደደችው። ጓደኛዬ፣ “ጠዋት በሽተኛ ስንቆጥር፣ ማታ ቀብር እንቆጥር ነበር” አለችኝ። በኋላ በጣሊያን መንግሥት እርዳታ ሆስፒታል ተሠራ።

መንደሮቹ ዛሬም የሚጠሩት በቁጥር ነው። በየደጁ ግን ማንጎ ቆሟል። ገበያው ላይ አማርኛው፣ ከምባትኛው፣ ሐዲይኛውና አገውኛው ይደባለቃል። የጉሙዝ ሴቶች ዕቃቸውን በዘንግ ግራና ቀኝ አንጠልጥለው በትከሻቸው ተሸክመው ያልፋሉ። አንድ የወሎ አባት ቡና እየጠጣን፣ “ባዶ መሬት ነው ብለው አመጡን። ባዶ አልነበረም፤ የእነሱ አገር ነበር” አሉኝና ወደ ሴቶቹ ተመለከቱ።

ፏፏቴና የሰፋሪ ከተማ በደቡብ አሜሪካም ጎረቤት ናቸው። ከኢጉዋዙ ፏፏቴ ወዲህ ማዶ፣ በአርጀንቲናዋ ሚሲዮኔስ፣ ከፖላንድ፣ ከዩክሬንና ከጀርመን የፈለሱ ሰዎች ከተማ ቆርቁረዋል። እዚያም ቀድሞ የነበሩ ጓራኒዎች አሉ። የእኛዎቹ ሰፋሪዎች ግን ብዙዎቹ ወደውና መርጠው አልመጡም።

ከዚያ ጉዟችን ወዲህ በመተከል ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ሰፋሪውም ጉሙዙም ከቤቱ ተፈናቀለ። ጓደኛዬን አሁን የማገኛት በስልክ ነው። በአርባ ዓመት ነርስነቴ የተማርኩት፣ ቁስልን ሸፍኖ ማቆየት እንደማያድነው ነው። ያንን አባት የመሰለ ሰው በየመንደሩ ቢገኝ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ይነጋገር ነበር።

ጢስ ዓባይን በግርማው ማየት ለምትሹ፣ ነሐሴና መስከረም ይሻላል። ልጆቻችሁን ስትወስዱ ግን ውሃው በበጋ የት እንደሚሄድ ንገሯቸው። በለስም ዞሮ ዞሮ የሚገባው ዓባይ ነው። አምፖል ስናበራ ከፏፏቴው ምን እንደተወሰደ፣ በዚያ ሸለቆም ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ቢያውቁ ጥሩ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ወርደው ራሳቸው ይዩት።