ብሩ አንዴ ከወጣ በኋላ

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ፣ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ብዙዎች ያስታውሱታል። ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ከኤቲኤም ሲያወጣ፣ በሞባይል ሲያስተላልፍ አደረ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ዶርም ተዳረሰና ተማሪው በሌሊት ካርዱን ይዞ ተሰለፈ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ፤ ያለአግባብ ተወሰደ ያለውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር።

ያኔ ክርክሩ ሁሉ «ሌባው ማነው?» ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ብሩ አንዴ ከወጣ ሲስተሙ ምን እንዲያደርግ ታስቦ ነበር? ይህን የጠየቀ ጥቂት ነው።

ጥያቄው የራሱ ሒሳብ አለው። እንግሊዛውያኑ ቶኒ ሆር በ1978፣ ሮቢን ሚልነር በ1980 እ.ኤ.አ. ጎን ለጎን እየሠሩ መልእክት የሚለዋወጡ ፕሮግራሞችን እንደ አልጀብራ በቀመር የመጻፊያ ዘዴ አወጡ፤ ፕሮሰስ ካልኩለስ ይባላል። በ1987 ሄክተር ጋርሺያ ሞሊናና ኬኔት ሳለም ከዳታቤዝ በኩል «ሳጋ» የሚል ሐሳብ አመጡ። በ2005 ሆር ራሱ ከማይክል በትለርና ከካርላ ፌሬራ ጋር ሆኖ ሁለቱን መንገዶች አገናኘ።

ነገሩ በስሙ ልክ አያስፈራም። የወልቂጤ ነጋዴ ከቡታጅራ በርበሬ አዘዘ እንበል። ብር ላከ፣ አይሱዙ ተከራየ፣ ጆንያው ተጫነ፤ መኪናው ሊነሳ ሲል ተበላሸ። የተላከውን ብር «እንዳልተላከ» ማድረግ አይቻልም፤ ሻጩ ዕዳውን ከፍሎበታል። የሚቻለው ማካካስ ነው፦ ጆንያውን ማውረድ፣ ከባለመኪናው ጋር መተሳሰብ፣ ከዚያ የሻጩን ብር ማስመለስ። ከኋላ ወደ ፊት፣ በተገላቢጦሽ። በነሆር ቀመር እያንዳንዱ እርምጃ ከማካካሻው ጋር ተጣምሮ ይጻፋል፤ እርምጃው ሲሳካ ማካካሻው ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከባዱ ቦታ ማካካሻው ራሱ ሲከሽፍ ነው፤ ሻጩ «ብሩ የለም» ቢልስ?

ይህን የጉራጌ ነጋዴ ከማንም ዩኒቨርሲቲ በፊት ያውቀዋል። ዕቁብ የወጣለት ሰው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ዋስ ይጠራል። ሰውየው ከጠፋ ማን እንደሚከፍል ብሩ ሳይነካ ተወስኗል፤ ዳኛው ነገ ስብሰባ ጠርቶ መላ አይፈልግም።

ንግድ ባንክ ግን መላውን የፈለገው ብሩ ከወጣ በኋላ ነው። በፈቃዱ የመለሰ አይከሰስም ተባለ፤ ያልመለሱት ስማቸው፣ የአንዳንዶቹም ፎቶ፣ በየቅርንጫፉ ተለጠፈ። አብዛኛው ብር ተመለሰ፤ ይህ መካድ የለበትም። ያስመለሰው ግን ማስፈራሪያና ይሉኝታ እንጂ ሲስተሙ አልነበረም። የሃያ ዓመት ልጅ ፎቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የማካካሻ ዲዛይን ከሆነ፣ ዲዛይን አልነበረም ማለት ነው።

801 ሚሊዮን ሲሆን አገር ይነጋገርበታል። ወልቂጤ ላይ 6 ሺህ ብር ከሒሳቡ ተቀንሶ ለተቀባዩ ያልደረሰለት ሰውስ? ማመልከቻ ጽፎ፣ ስክሪንሹት አሳይቶ፣ «ይመለሳል፣ ጠብቅ» ተብሎ ይሸኛል። ቡታጅራ ያለው ሻጭ ደግሞ በስክሪንሹት ጆንያ አያስጭንም።